ልጅቷ ሳትሰማ ስለ ልጅቷ ተወሰነ

ጉዳያችንን ላየው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት

ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ያስገባሁት አቤቱታ መልስ ስላጣ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። የፍርድ ቤቱን ስም ያልጠቀስኩት የልጅቷን ገመና ለመጠበቅ ነው። መዝገቡን እርስዎ ያውቁታል።

የሟች እህቴ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ከጨቅላነቷ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አባቷ ለዓመታት ደብዛው ጠፍቶ ከቆየ በኋላ አሳዳሪነቱ ይገባኛል ብሎ መጣ። በቀጠሮው ቀን ልጅቷ የትምህርት ቤት የደንብ ልብሷን እንደለበሰች ከችሎቱ በር ውጭ ተቀምጣ ነበር። ለዳኛው የምትለውን በደብተር ቅጠል ጽፋ፣ አራት አጥፋ ይዛለች። ትግባ ብዬ ስለምን «ሕፃን ችሎት አይገባም» ተባልኩ። ቤታችን የመጣችው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያም ክፍሎቹን አይታ፣ ደመወዜን ጠይቃ ሄደች፤ ልጅቷን አንዲት ቃል አላናገረቻትም። ውሳኔው ግን «ለሕፃኗ ጥቅም ሲባል» ይላል። ጥቅሟ ምን እንደሆነ ከማን ተሰማ?

ሕጉን ያውቁታል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 10/1984 ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12፣ ሐሳቡን መግለጽ የሚችል ልጅ እሱን በሚመለከት የፍርድ ሂደት ሁሉ በቀጥታ ወይም በወኪል እንዲሰማ ያዛል። የፌዴራል ሰበር ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 23632፣ ከወላጅነት ይልቅ የልጁ ጥቅም እንደሚቀድም ከወሰነ ዓመታት አልፈዋል።

ጽሕፈት ቤትዎ በቃል የነገረኝ «ይግባኝ በይ» ብቻ ነው። ብያለሁ። ይግባኝ ሰሚው የሚመረምረው ግን መዝገቡን ነው፤ መዝገቡ ውስጥ ደግሞ የልጅቷ ቃል የለም።

ልጅ ወላጆቹ ሲወነጃጀሉ መስማት የለበትም የሚሉ አሉ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ጥቃት የደረሰባቸው ልጆች ከችሎቱ ተነጥለው በካሜራ ቃላቸውን የሚሰጡበት ክፍል በአገራችን ፍርድ ቤቶች ከተዘጋጀ ቆይቷል። ለወንጀል ጉዳይ የተቻለው ለአሳዳሪነት ክርክር የማይቻለው ለምንድን ነው? በዳኛው ቢሮ፣ ባለሙያ ባለበት፣ ለሩብ ሰዓት ማናገርስ ምን ይከብዳል?

ዳኛው እንዲህ ይወስኑ ብለው ይዘዙልኝ አላልኩም፤ ሥልጣንዎም አይፈቅድም። ልጅን የሚመለከት መዝገብ፣ የልጁን ቃል ወይም ልጁ ያልተሰማበትን ምክንያት ሳይዝ ለውሳኔ እንዳይቀርብ ማድረግ ግን የእርስዎ ሥራ ነው። ልጁ የጠየቀው ካልተፈቀደም ለምን እንዳልተፈቀደ በውሳኔው ላይ ይጻፍለት። መልስዎን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።