ለእታለም፦ ስለ እማዬና ስለ ሙታን ሳቢው

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? የመንዝ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

መልእክትሽን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እማዬ በጎቿን ሸጣ «የልጅሽን ድምፅ አሰማሻለሁ» ካላት ሙታን ሳቢ ዘንድ ልትሄድ መነሣቷን፣ አንቺም ተቆጥተሽ መኮራረፋችሁን ጽፈሽልኛል። ምን ላድርግ ስላልሽኝ እዚህ አሜሪካ በቅርቡ ያየሁትን ላጫውትሽ። በስልክ የሚዘለቅ አይደለም።

የማስታምማቸው ወይዘሮ ልጃቸውን በመኪና አደጋ ካጡ ቆይተዋል፤ ኀዘናቸው ግን ትናንት የቀበሩ ያህል ነው። ሰው ከመወለዱ በፊት የኖረውን ሕይወት እናስታውሳለን የሚሉና በመንፈስ እንፈውሳለን የሚሉ ሰዎች ቨርጂንያ ቢች በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሊሰበሰቡ ነው ሲባል «አብረሽኝ ነይ» አሉኝና ሄድኩ። ከተማዋ በዚህ ነገር የታወቀች ናት። ኤድጋር ኬሲ የሚባል ሰው በፈረንጆቹ ከ1925 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1945 ድረስ እዚያ ኖሯል። ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ለበሽተኛው መድኃኒቱን፣ ለጠያቂው ደግሞ በቀድሞ ሕይወቱ ማን እንደነበር ይነግር ነበር። ተጽፎ የተቀመጠው ንግግሩ ከ14,000 በላይ ነው።

አዳራሹ ውስጥ አንዱ እጁን ከሕመምተኛው በላይ ዘርግቶ ሬኪ የሚሉትን ከጃፓን የመጣ ፈውስ ይሰጣል፤ ሌላዋ የነሐስ ሳህን እየመታች ታስጮኻለች። ሰዎቹ ክፉዎች አይደሉም፣ እታለም። ያለቀሰውን ያቅፋሉ፤ «በቃሽ፣ እግዜርን አታስቀይሚ» የሚል የለም። ይህን ልብ በይልኝ።

የወይዘሮዋ ተራ ሲደርስ መብራቱ ደበዘዘ። የቀድሞ ሕይወትን የሚያስታውሰው ሰውዬ በለሆሳስ እየቆጠረ በሐሳባቸው ደረጃ አስወረዳቸው፤ በር አስከፈታቸው። «እግርዎን ይመልከቱ፣ ምን ተጫምተዋል? ማን እየጠበቀዎት ነው?» ይላቸዋል። መርከበኛ እንደነበሩ ተናገሩ። ትልልቅ ነጭ ቁልፍ ያለው ሰማያዊ ካፖርት የለበሰች ትንሽ ልጅ ወደቡ ላይ ትጠብቃቸዋለች፤ እሳቸው ግን ባሕር ውስጥ ሰጥመው ቀሩ። ልጅቷ ያቺ የሞተችው ልጃቸው ናት አሉ፤ አምርረው አለቀሱ።

እኔ ያንን ካፖርት አውቀዋለሁ። ልጃቸው በሕፃንነቷ ለብሳው የተነሣችው ፎቶ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል፤ አቧራውን የምወለውለው እኔ ነኝ። ወይዘሮዋ አልዋሹም። ልባቸው ውስጥ ያለውን ነው ያዩት፤ የጠያቂው ጥያቄ ደግሞ መልክ ሰጠው። «ማን እየጠበቀዎት ነው?» ሲባል ያዘነች እናት ከልጇ ሌላ ማንን ታያለች?

ለነርስነት በምማርበት ቦታ በሥነ ልቦና ትምህርት የሰማሁት ከዚህ ጋር ገጠመልኝ። በፈረንጆቹ 1952 ኮሎራዶ ውስጥ አንዲት ሴት በሂፕኖሲስ ሰመመን ሆና «በ1798 አየርላንድ ውስጥ የተወለድኩ ብራይዲ መርፊ ነኝ» ብላ አገር ጉድ አሰኝታ ነበር። ጋዜጠኞች አየርላንድ ድረስ ሄደው ቢፈልጉ የልደት መዝገብ አጡ። በኋላ አንድ የቺካጎ ጋዜጣ፣ ሴትየዋ ባደገችበት ቤት ፊት ለፊት ብራይዲ መርፊ ኮርኬል የምትባል የአየርላንድ ተወላጅ ትኖር እንደነበር ጻፈ። ኤልሳቤጥ ሎፍተስ የተባለች ምሁር ደግሞ በፈረንጆቹ 1995 ባሳተመችው ጥናት ለ24 ሰዎች «በልጅነትህ ገበያ አዳራሽ ውስጥ ጠፍተህ ነበር» የሚል፣ ፈጽሞ ያልሆነ ነገር ከእውነተኛ የልጅነት ታሪኮች ጋር ቀላቅላ ብታቀርብላቸው ሩብ ያህሉ «አዎ፣ ትዝ ይለኛል» አሉ። ያልሆነ ትዝታ እንዲህ በቀላሉ ይፈጠራል። ነፍስ ከሥጋ ወደ ሥጋ ትዛወራለች ብዬ አላምንም፤ በልጅነታችን የተማርነው ይበቃኛል። ግን ይህ የትዝታ ነገር የማያምነውም የሚያምነውም ሊያውቀው የሚገባ ነው።

ወይዘሮዋ ያን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኙ። ስለ ካፖርቱ አልነገርኳቸውም፤ አልነግራቸውምም። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ደረታቸውን የሚያማቸው የሰጠሙበት ቀሪ ነው ስለተባሉ ጠዋት የልብ መድኃኒታቸውን አልውጥም አሉ። ያን ጊዜ ዝም አላልኩም። ይዣቸው ሰውየው ዘንድ ተመለስኩና «ሐኪማቸውን ሳያማክሩ እንዳያቆሙ እርስዎ ይንገሯቸው፤ እርስዎን ነው የሚሰሙት» አልኩት። ነገራቸው፤ ዋጡ። የቀድሞው ፓትርያርካችን አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም የኤችአይቪ መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አይከለክልም ማለታቸው ትዝ አለኝ።

አሁን ወደ እማዬ ልመለስ። ወንድማችን የመን ላይ ነው የቀረው። እማዬ ሬሳውን አላየችም፤ አፈር አላለበሰችውም፤ መርዶው በስልክ ነው የመጣው። ድምፁን ብትፈልግ ይፈረድባታል? ሙታን ሳቢውም «ሲሄድ ጋቢ ይዞ አልነበር?» ይላታል፤ እሷ እያለቀሰች ቀሪውን ትነግረዋለች፤ እሱ መልሶ ለእሷ ይነግራታል። በጎቹ ያልቃሉ፣ እሷም ደግማ ደጋግማ ትሄዳለች።

ስለዚህ አትቆጫት፤ ይቅርታ ጠይቂያትና ታረቂያት። ታለቅሳለች ብላችሁ ስሙ ሲነሣ ወሬ እንደምትቀይሩ ጽፈሽልኛል። አትቀይሩ። ማታ እሳት ዳር ሱፏን ስትፈትል ስለ እሱ አስወሪያት፤ ስንት ዓመቱ ላይ እንደሄደ፣ በግ ሲጠብቅ ምን ይል እንደነበር ጠይቂያት፤ ስታለቅስም አብረሻት አልቅሺ። የወይዘሮዋን ሌሊት ያሳመረው መርከቡ አይመስለኝም፤ ስለ ልጃቸው ሲያወሩ የሚሰማቸው ሰው ማግኘታቸው ነው።

ለነፍስ አባቷም ጉዳዩን አጫውቺያቸው። ጻድቃኔ ማርያም ልሳለም ካለች ከሰላ ድንጋይ ወዲያ ብቻዋን እንዳትሄድ፣ አብረሻት ሂጂ፤ የደም ግፊት ክኒኗን ያዢላት። ለሙት ዓመቱ ድግስ የሚሆን ብር በዚህ ወር እልካለሁ፤ ገብሱንና ጌሾውን ቀደም ብላችሁ ግዙ፣ በጎቹ ግን አይሸጡ።

እሁድ በእናንተ ማታ እደውላለሁ። ስልኩን ለእማዬ ስጫት፤ እኔም ስለ እሱ እጠይቃታለሁ።

ታናሽ እህትሽ
ከቨርጂንያ