ሰደፉን እንዳትፍቂው

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ ክረምቱ ገብቷል። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ከዋለ ሳምንት ሆነው።

በስልክ ስለ አያትሽ ጠመንጃ ያልሽኝ ሲከነክነኝ አደረ። «አሳድሼ፣ ቫርኒሽ አስቀብቼ ሳሎን እሰቅለዋለሁ» አልሽ። ላንቺ መድረሱ ደስ ብሎኛል። ወንድሞችሽ ያጉረምርሙ፤ አያትሽ ቆቅ ሲያድን የወደቀውን ቀለህ የምትለቅሚለት አንቺ ነበርሽ። ቫርኒሹን ግን ተይው።

የ16 ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ለለቅሶ ወረባቦ ሄደ። ደስ ላሰኘው ብዬ ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ሲመለስ አየው። አልተቆጣም። ወደ ጉንጩ አስጠጋውና መልሶ አወረደው፣ ከዚያ ምንም ሳይል ወጣ። ለካ ጉንጩ የሚያርፍበትን፣ በላቡ የጠቆረውን ቦታ ነው የፋቅኩት። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እጅ መያዣው ላይ የነበረው ፍርግርግ መስመርም ግማሹ ጠፋ። በአውራ ጣትሽ ብትዳስሺው በግራ በኩል ልሙጥ ነው። የኔ ሥራ ነው።

ደግሞ እዚያ ያገኘሽው ባለሙያ ብረቱን «በመድኃኒት ቀቅዬ አጠቁረዋለሁ» አለሽ አይደል? እንዳትሰጪው። የኛ ባለ ሁለት አፈሙዝ ነው። እንደሱ ያሉት የድሮ ጠመንጃዎች አፈሙዞቻቸው የተያያዙት በስታኞ፣ ቀልጦ በሚያጣብቅ ለስላሳ ብረት ነው፤ ያ የፈላ መድኃኒት ስታኞውን ይበላዋል። ላዩ አምሮ መገጣጠሚያው ይላቀቃል። ድሮ ሲያጠቁሩት ሆን ብለው በስሱ ያዝጉትና በውሃ ይቀቅሉታል፣ ይወለውሉታል፣ እንደገና ያዝጉታል። የቀናት ሥራ ነው። ለኛ እሱም አያስፈልግም።

መጀመሪያ ከወገቡ አጥፈሽ ክፈቺውና ሁለቱንም ጉድጓድ እዪ። ባዶ መሆኑን ብታውቂም እዪ። ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት ቀብተሽ አሳድሪው። ጠዋት እንደ ጥጥ በላመ የብረት ክር ቀስ እያልሽ እሺው፤ የድስት መፈተጊያ ሽቦ እንዳታስነኪው። ቀዩ ዝገት ሲለቅ አቁሚ። ቡናማው ይቅር፣ እድሜው ነው።

ለእንጨቱ የተልባ ዘይት። ሁለት ሦስት ጠብታ በመዳፍሽ ይዘሽ፣ እጅሽ እስኪሞቅ ታሺዋለሽ፣ ትርፉን ትጠርጊዋለሽ። ካልጠረግሽው ያጣብቃል። ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል፣ አትቸኩዪ። ጨርቁን ግን ጨምድደሽ እንዳትጥዪ! የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፤ የተጨማደደ ጨርቅ በራሱ ጊዜ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ገመድ ላይ ዘርግተሽ አድርቂው።

የቆዳ ልባሱን ለብቻው አስቀምጪ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ የደሴን ክረምት ደግሞ ታውቂዋለሽ። አባቴ ልባሱ ውስጥ ከቶ ያቆየው ነበር፤ አብዛኛው ዝገት የመጣው ከዚያ ይመስለኛል።

ሳሎን መስቀሉን እርሺው። እንግዳ ይመጣል፣ ልጅ ይመጣል። ደግሞም ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በአዋጅ 1177/2012 የተከለከለ ነው። ወረቀቱ በስምሽ እስኪሆን ጠመንጃው ከዚህ ቤት ንቅንቅ አይልም።

ለመውሊድ ስትመጪ አብረን እንሠራዋለን። ያንን የላመ የብረት ክር ይዘሽ ነይ፣ እዚህ ፈልጌ አጣሁት። የተልባውን ዘይት እናትሽ ለፀጉሯ ከገዛችው ላይ እንቀንሳለን። እንዳትነግሪያት።

አባትሽ