ማይክ ከመግዛታችሁ በፊት

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ከረማችሁ?

ሰሞኑን «ቤት ውስጥ ሙዚቃ ለመቅዳት የትኛውን ማይክ ልግዛ?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር በዝቶብኛል። ለሁላችሁም እዚሁ ልመልስ።

ክፍላችሁ ባዶ ግድግዳ ከሆነ ኮንደንሰር ማይክ ለመግዛት አትቸኩሉ። ጥርት አድርጎ ይቀዳል፤ ችግሩ የጎረቤትን ዶሮም አይምርም። እኔ ባለፈው ክራር ስቀዳ፣ ምርጡ ቅጂ መሃል ላይ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ገብቶ ቁጭ አለ። እንደ ሹር ኤስኤም 57 ያለ ዳይናሚክ ማይክ (የሩቁን ድምፅ ብዙም የማይለቅም ዓይነት) ወደ ክራሩ ጠጋ አድርጉና ሞክሩ። ከተጫዋቹ ጀርባ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ። ጋቢም ደራርባችሁ ብትሰቅሉ ለውጥ አለው።

ኢንተርፌስ (ማይኩን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ዕቃ) ባለ ሁለት መግቢያው ይበቃል፤ አንዱ ለድምፃዊው፣ አንዱ ለክራሩ። ኮንደንሰር ካላችሁ ግን ኢንተርፌሱ ለማይኩ 48 ቮልት መስጠቱን አረጋግጡ፤ ያለዚያ ማይኩ ዝም ነው የሚለው።

መቅጃ ሶፍትዌር ላይ ብዙ አንጨቃጨቅ። ማክ ያላችሁ በነፃው ጋራዥባንድ ጀምሩ። ሌሎቻችሁ ሪፐርን ለ60 ቀን በነፃ ሞክሩት። ክራክ የተደረገ ነገር ግን አታውርዱ፣ በቫይረስ ላፕቶፓችሁን ታጣላችሁ። የራሳችሁ ድምፅ ጆሯችሁ ላይ ዘግይቶ ከመጣ ሶፍትዌሩ ቅንብር ውስጥ በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን በአንዴ የሚያጠራቅምበትን መጠን) ወደ 128 አውርዱት።

ትርፍ የማይክ ገመድ ያላችሁ ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ። የኔ እየተንኮሻኮሸ ነው።