ለቤይራ ዳርቻ የማንግሮቭ ደን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ ወገኖቻችን፦

በሞዛምቢክ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከቤይራ ከተማ ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች ጋር ሆነን የጀመርነውን፣ የተመናመነውን የማንግሮቭ ደን መልሶ የማልማት ሥራ እንድትደግፉልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ ቤይራን የመታት መጋቢት 5 ቀን 2011 ዓ.ም. ሌሊት ነበር። በዚያው ሳምንት አገራችን በበረራ ቁጥር 302 አደጋ ሐዘን ላይ ስለነበረች፣ በሞዛምቢክ ብቻ ከ600 በላይ ሰዎች ያለቁበትን ይህን መዓት ብዙዎቻችን በወጉ ሳንሰማው አልፏል። ከተማዋ የተቆረቆረችበት መሬት ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ የማይል በመሆኑ፣ ባሕሩ በነፋስ ተገፍቶ ሲነሣ ውኃው በቀላሉ ወደ መኖሪያ ሰፈሮች ይገባል፤ ጉልበቱን ያዳክምላት የነበረው ማንግሮቭ ደግሞ ለማገዶ፣ ለከሰልና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ ሳስቷል።

ማንግሮቭ ጨዋማ ውኃ በሚመላለስበት ጭቃ ላይ የሚበቅል ዛፍ ነው። አውሎ ነፋስን አያስቆምም፤ ነገር ግን ሥሩና ግንዱ እርስ በርሱ የተጠላለፈ በመሆኑ፣ 100 ሜትር ስፋት ያለው ደን የሞገድን ከፍታ ከ13 እስከ 66 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል በጥናት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 የሕንዷን ኦዲሻ ከመታው ከባድ አውሎ ነፋስ በኋላ ሦስት መንደሮች ሲነጻጸሩ፣ ማንግሮቭ በከለለው መንደር የአንድ ቤተሰብ ኪሳራ በአማካይ 33 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ የአፈር ግድብ ብቻ በነበረው መንደር 154 ዶላር ደርሶ ነበር። በቬትናምም በ1.1 ሚሊዮን ዶላር የተተከለ 12,000 ሄክታር ማንግሮቭ ለባሕር ግድብ ጥገና ይወጣ የነበረውን 7.3 ሚሊዮን ዶላር በየዓመቱ አስቀርቷል። በቤይራ ለሚኖሩ አጋሮቻችን ደግሞ ዓሣውና ሽሪምፑ በለጋነቱ የሚጠለለው በዚሁ ሥር መካከል ስለሆነ፣ ደኑ የዕለት ገቢያቸውም ነው።

ችግኝ መትከል ብቻውን ግን ደን አያስገኝም። በፊሊፒንስ ለዓመታት ከተተከለው ማንግሮቭ በዘላቂነት የጸደቀው ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ዋናው ምክንያት ተስማሚ ያልሆነ ዝርያ ተስማሚ ባልሆነ ቦታ መተከሉ ነበር። ስለዚህ ከምትለግሱት ገንዘብ አብዛኛው የሚውለው የባሕሩ ውኃ እንደ ልቡ ገብቶ እንዲወጣ የተደፈኑ መውረጃዎችን ለመክፈት፣ ለችግኝ ጣቢያ ሠራተኞችና ለደን ጠባቂዎች ደመወዝ ነው። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃም እናከፋፍላለን፤ ሌላ ማገዶ የሌላትን እናት ዛፍ አትቁረጪ ብሎ መከልከል አግባብም አይደለም፣ ውጤትም የለውም ብለን እናምናለን።

በግል የምትችሉትን ብትለግሱ በምስጋና እንቀበላለን። በእድር ወይም በማኅበር ተሰባስባችሁ የአንድ ጠባቂን የዓመት ደመወዝ ብትሸፍኑልን ግን ጥበቃው ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ስለሚያደርግ፣ ከሁሉ በላይ የምንፈልገው ይህንኑ ነው። የገቢና ወጪ ሒሳቡን፣ ከጸደቁትና ከደረቁት ችግኞች ቁጥር ጋር፣ በየስድስት ወሩ ለለጋሾች ሁሉ እንልካለን።