መጠይቁን ሳናባዛው

ሰላም እህት ወንድሞቼ፣

የኦቲዝም መጠይቃችንን ማታ ደግሜ አነበብኩት። «ጫጫታና ሰው የበዛበት ቦታ ያስጨንቅዎታል?» የሚለው ይቀየር። ሁለት ጥያቄ ነው። ጫጫታው እንጂ ሰዉ የማያስቸግረው ምን ብሎ ይመልስ? «ፒያሳ ሲሄዱ የባጃጅ ክላክስ ሲሰሙ ሰውነትዎ ላይ ምን ይሰማዎታል?» ብንል ይሻላል። ደሴ ላይ ይህን የማያውቅ የለም።

«አንዳንዴ» የሚለው የመልስ ምርጫም ትርጉሙ ለእያንዳንዱ ሰው ይለያያል። «ባለፉት 7 ቀናት ስንት ቀን?» እንበል።

ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ስሜታቸውን በስም ለመጥራት ይቸገራሉ፤ አሌክሲታይሚያ ይባላል። ስለዚህ «ተጨነቁ?» ብቻ አንበል። ልብ መምታቱን፣ ጡንቻ መወጠሩን እንጠይቅ። «አላውቅም» የሚል ምርጫም ይኑር፤ እሱም እውነተኛ መልስ ነው።

ወላጆች ብዙ ያውቃሉ። የውስጡን ግን ኦቲዝም ያለው ሰው ራሱ ይንገረን። ኦቲዝም ያላቸው አባሎቻችን መጀመሪያ ያንብቡት፣ እባካችሁ። ቅዳሜ እርማታችሁን ይዛችሁ ኑ።