ሎርተን ሄጄ ነበር

የኔ እናት፣ እንዴት ነሽ? ፈተናው እንዴት ይዞሻል? ባለፈው በስልክ «ዘንድሮ አልመርጥም፣ የኔ አንድ ድምፅ ምን ሊቀይር ነው» ስትዪኝ ዝም ያልኩሽ ተስማምቼ አይደለም። የምመልሰው ጠፍቶኝ ነው።

ቅዳሜ ከቤተክርስቲያን ሴቶች ጋር ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለችው ሎርተን ሄድን። ድሮ እስር ቤት የነበረው ግቢ ውስጥ በሉሲ በርንስ ስም የተሰየመ ሙዚየም አለ። ስንት ዓመት በዚያ መንገድ ስመላለስ ስሟን እንኳ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ሉሲ የብሩክሊን ልጅ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1879 የተወለደች፣ ዘራቸው ከአየርላንድ፣ እንደኛው ካቶሊኮች። ቫሳርና ዬል ተምራ፣ ጀርመንና ኦክስፎርድ ደርሳ፣ እንግሊዝ ሳለች ትምህርቱን ትታ የሴቶች የመምረጥ መብት ትግል ውስጥ ገባች። ከትግል ጓደኛዋ ከአሊስ ፖል ጋር የተዋወቁት ለንደን ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ነው! በ1917 ዋሽንግተን ላይ ሴቶች አሰልፈው ኋይት ሀውስ በር ላይ መፈክር ይዘው ዝም ብለው ቆሙ። «መንገድ ዘጋችሁ» ተብለው ተይዘው ሎርተን እስር ቤት ገቡ።

ኖቬምበር 14 ሌሊት ጠባቂዎቹ ሴቶቹን ደበደቧቸው። ሉሲ በጨለማው ውስጥ ጓደኞቿ ደህና መሆናቸውን ለማወቅ በየስማቸው ተጣራች። ዝም በይ ቢሏት እምቢ አለች፤ ሁለት እጇን ከራሷ በላይ አንስተው ከብረት ፍርግርጉ ጋር በካቴና አሰሯት። ይህን ጊዜ ፊት ለፊት ያለችው እስረኛ፣ እሷን ማንም ሳያስራት፣ የራሷን እጆች ወደ ላይ አንስታ አብራት ቆመች። እዚህ ላይ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። በኋላም በረሃብ አድማ ላይ እያለች አፌን አልከፍትም ስትላቸው በአፍንጫዋ ቱቦ ከትተው መገቧት።

በ1920 መብቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ሲገባ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ታናሽ እህቷ በወሊድ ስትሞት ሕፃኗን ከእህቶቿ ጋር አሳደገች። እስክታርፍ፣ እስከ 1966 ድረስ፣ ከቤተክርስቲያን አልራቀችም። ትግሉን ተወችው የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን አልቀበልም። አያትሽም የሟች እህቷን ልጆች ስታሳድግ ጀግና ያላት አልነበረም።

እኔ ዜግነት አግኝቼ መጀመሪያ የመረጥኩ ቀን አንቺን አዝዬ ነው የተሰለፍኩት። ጀርባዬ ላይ ተኝተሽ ነበር።

የመመዝገቢያውን ፎርም በፖስታ ልኬልሻለሁ። የምትመጪበትን ቅዳሜ ንገሪኝ፣ አብረን ሎርተን እንሄዳለን።

እናትሽ