የእንስሳት እንክብካቤ ክበብ፦ ፀጉር ስናራግፍ የከረምንበት ዓመት

ክበባችን በዓመቱ መጀመሪያ ያወጣው ዕቅድ ሁለት ገጽ ተኩል ነበር። የጥያቄና መልስ ውድድሩ ተካሂዶ ሦስተኛ ወጥተናል። የዓሣ ገንዳው ያፈስ ስለነበር ተትቷል። የቀረውን ጊዜ ጠቅልላ የወሰደችው ዳመና ናት። ዳመና ግራጫ ጥንቸል ናት፤ ክበባችንን በተቀላቀለች በሁለተኛው ሳምንት ፀጉሯ መርገፍ ጀመረ።

አንዷ አባላችን ዳበሰቻትና መዳፏ ፀጉር በፀጉር ሆነ። «ቲቸር፣ ዳመና ታማለች!» እያለች ቢሮ ድረስ ሮጣ መጣች። አልታመመችም። ጥንቸል በዓመት ውስጥ ደጋግማ ፀጉሯን ትቀይራለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ዙር ከባድ ነው፣ በመሐል የሚመጣው ቀለል ይላል። የዳመና ከጭንቅላቷ ጀምሮ ወደ ጀርባዋ እየወረደ ሄደ፤ አሮጌውና አዲሱ ፀጉር የሚለያዩበት መስመር በዓይን ይታይ ስለነበር ልጆቹ በየቀኑ የት እንደደረሰ ይወራረዱ ነበር።

ጨዋታው ወደ ሥራ የተለወጠው ምክንያቱን ሲሰሙ ነው። ጥንቸል እንደ ድመት ራሷን ትልሳለች፤ እንደ ድመት ግን ማስመለስ አትችልም። የዋጠችው ፀጉር ያለው መውጫ አንጀቷ ብቻ ነው። አንጀቷ ደግሞ የሚንቀሳቀሰው በድርቆሽ፣ ማለትም በደረቀ ሣር ነው። ድርቆሹ ወይም ውኃው ካነሰ ፀጉሩ ከምግቡ ጋር ይጠጥርና አንጀቱ ቀስ ይላል፤ ጭራሽ ከቆመ ሕይወቷን ያሰጋል። ስለዚህ ከማበጠሪያው በፊት የተመደበው ተረኛ የድርቆሽ ተረኛ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። መቀሱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ልጆቹ ከሚጽፉት እኔው ልጻፈው። ከጅራቷ ሥር የተቋጠረ ፀጉር አገኘንና «በአንድ ጊዜ እንገላገለው» ብዬ ቆረጥኩት። የጥንቸል ቆዳ በጣም ስስ ነው፤ ፀጉሩን ወደ ላይ ስንስበው ቆዳውም አብሮ ተነሥቶ መቀሱ ውስጥ ገባ። ቁስሉ ትንሽ ነበር፤ የእንስሳት ሐኪሙ አጽድተው፣ መድኃኒት ቀብተው፣ እኔን ደግሞ በዓይናቸው ገሥጸው ሸኙን። ከዚያ ቀን ወዲህ መቀስ ከክበቡ ሣጥን ወጥቷል። ቋጠሮ ሲያጋጥመን የፀጉሩን ሥር በሁለት ጣት ቆዳው ላይ ያዝ አድርገን በሌላው እጅ ጥቂት በጥቂት እንፈታለን። ካልተፈታ ለሐኪም ነው።

ከልጆቹ ብዙዎቹ «በሻምፑ ብናጥባትስ?» ብለው ጠይቀዋል፤ አንዱማ ሻምፑውን ይዞ መጥቶ ነበር። ጥንቸል አትታጠብም። ፀጉሯ ውኃ ከያዘ ቶሎ አይደርቅም፤ ብርዱና ድንጋጤው ተደምሮ ሊገድላት ይችላል። መዳፍን በትንሹ አርጥቦ ከራስ ወደ ጅራት መዳበስ ግን ይቻላል፤ የለቀቀው ፀጉር እጅ ላይ ተጠቅልሎ ይወጣል። በእኔ ግምት ከገዛናቸው ማበጠሪያዎች ሁሉ የበለጠ የሠራልን ይኸው እርጥብ መዳፍ ነው። ሁለተኛው የላስቲክ ብሩሹ ነው። ጫፉ የሾለው የሽቦ ብሩሽ ቆዳዋን ስለሚጭር አልተጠቀምንበትም።

አያያዟን ለመማር ወር ፈጅቶብናል። አንድ አባል ጥንቸል በጀርባዋ ተንጋላ ጸጥ ብላ ስትበጠር የሚያሳይ ቪዲዮ ስልኩ ላይ አሳየን፤ ተመችቷት የተኛች ትመስላለች። በፍርሃት ደርቃ ነው። የኋላ እግሮቿ ብርቱ፣ አጥንቷ ግን ቀላል ስለሆነ በእጅ ላይ ሆና ብትፈራገጥ የራሷን አከርካሪ ልትሰብር ትችላለች። ስለዚህ እኛ ወደ እሷ ወረድን፦ ወለሉ ላይ ፎጣ አንጥፈን፣ ተቀምጠን፣ አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ። እግሯን መሬት ላይ ከደበደበች ወይም ከሸሸች የዕለቱ ሥራ አበቃ። በከባዱ ዙር በየቀኑ፣ በሌላው ጊዜ በሳምንት አንዴ ይበቃታል። እግሯ ሥር ያለውን ፀጉር አንነካም፤ የድመት ዓይነት ለስላሳ መርገጫ ስለሌላት ጫማዋ እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ በጠጥ ደብተሩ። ፀጉር ሲነካ የሚያስነጥሰው አንድ ልጅ አለን፤ ማበጠር ስላልቻለ በየቀኑ የዳመናን በጠጥ እያየ እንዲመዘግብ ሰጠሁት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት። እሱ ግን መስመር አስምሮ ያዘው፦ ትልቅ፣ ክብና ደረቅ ከሆነ ደህና ናት፤ በፀጉር ተያይዞ እንደ ጨሌ ከተንጠለጠለ ብዙ ፀጉር እየዋጠች ነው፣ ድርቆሽና ማበጠር ይጨመር። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አንድ ጠዋት «ከትናንት ማታ ጀምሮ አንሷል፣ ድርቆሹም አልተነካም» ብሎ ደብተሩን ይዞ ከክፍል አስጠራኝ። ጥንቸል ግማሽ ቀን ሳትበላ ከዋለች ነገ እናያለን አይባልም። ከሰዓት በፊት ሐኪም ዘንድ ደረስን፤ በማግሥቱ ድርቆሽ ስታኝክ አየናት። ከዚያ በኋላ የደብተሩን ተራ ለማግኘት ወረፋ ሆነ፤ እሱ ግን አላስረከበም።

ፀጉር ከረገፈበት ሥር አዲስ ፀጉር ካልታየ፣ ቆዳው ከቀላ፣ ቅርፊት ወይም ፎረፎር ካለው መርገፍ ብቻ ስላልሆነ ለሐኪም እንደሚታይ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጽፈናል። ለዕረፍቱ ዳመናን ለሚወስደው ቤተሰብ የምንሰጠው ገጽ እሱ ነው።

በመጨረሻው የስብሰባ ቀን መስመሩ ጅራቷ ጋ ደርሶ ነበር። ልጆቹ «ጨረሰች!» ብለው አጨበጨቡ፤ ወለሉን ጠርገን፣ ብሩሹን አጥበን ሣጥን ውስጥ ቆለፍን። በማግሥቱ ጠዋት የደብተሩ ልጅ ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ ያስነጥሳል። «ቲቸር፣ የሣጥኑ ቁልፍ እርስዎ ጋ ነው?»